የጮቄው ጅብራ የማን ዘመድ ነው?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ጮቄ ተራራ ላይ ነበርኩ። ከደብረ ማርቆስ በማለዳ ተነስተን የጤፉንና የስንዴውን ማሳ ወደ ኋላ ትተን፣ ከገብስና ከድንች በስተቀር ሌላ ሰብል ወደማይታይበት ከፍታ ስንደርስ መኪናችን ማቃሰት ጀመረች። ወርደን በእግር ቀጠልን። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ከጉም ውስጥ ጅብራዎቹ አንድ በአንድ ብቅ ብቅ አሉ።

ጅብራን በአካል ላላያችሁ ልንገራችሁ። አጭርና ወፍራም ግንድ አለው፣ አናቱ ላይ እንደ ዘንባባ የተበተነ ሰፊ ቅጠል። ለብዙ ዓመታት እንዲሁ ሆኖ ይቆይና አንድ ቀን ከመሀሉ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የአበባ ዓምድ ያወጣል። ያብባል፣ እንደ ዱቄት የደቀቀ ዘሩን ለነፋስ ይሰጣል፣ ከዚያ ይሞታል። በሕይወቱ አንዴ ብቻ ነው የሚያብበው። በጉም መሀል ከሩቅ ስታዩት ጋቢ ተከናንቦ የቆመ ሽማግሌ ይመስላል።

አንድ የአሥር ዓመት ያህል ልጅ የደረቀ የጅብራ ግንድ ተሸክሞ በአጠገባችን አለፈ። ለማገዶ ነው። ከኋላው በጎቻቸውን የሚነዱ አዛውንት ነበሩ። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ የከተማ ሰው ነገር ሆኖብኝ «አባቴ፣ እንዲህ እየሆነ እኮ አንድ ቀን ያልቃል» አልኳቸው። መልስ ሳይሰጡኝ አንዱ ጓደኛዬ ቀደማቸው። «ኧረ ችግር የለም! ሰሜን ተራሮች ላይ ሞልቷል። እዚህ ቢጠፋ ከዚያ አምጥቶ መትከል ነው።»

አዛውንቱ በትራቸውን ተደግፈው ለአፍታ አዩት። «ልጄ፣ የሰሜኑ የሰሜን ነው። ይኼ እዚሁ የተወለደ ነው» አሉና በጎቻቸውን ተከትለው ሄዱ።

እኛ ሳቅን። ጅብራ ጅብራ ነው፣ ምን ልዩነት አለው? ብለን። ስለ ተራራ ተክሎች ዘረመል የተጻፉ ጥናቶችን ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ያ ሳቃችን አሁንም አልፎ አልፎ ያሳፍረኛል።

ነገሩ የሚጀምረው ከደሴት ነው። ደሴት ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ጣና ላይ ያሉት እነ ደቅና እነ ክብራን ገብርኤል ናቸው። ለዕፅዋት ተመራማሪ ግን ደሴት ለመባል የግድ በውሃ መከበብ አያስፈልግም። ጅብራ ውርጭ ካልሆነ አይሆንለትም፤ ቆላ ወርዶ አይኖርም። ስለዚህ በጮቄና በጉና መካከል ያለው የዓባይ በረሃ ለእሱ ባሕር ነው። በጮቄና በባሌው ሳነቴ መካከል ደግሞ ዓባይም ስምጥ ሸለቆም አለ። ከአፍሪካ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ካለው መሬት 80 በመቶ ያህሉ የሚገኘው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው ይባላል። ይህ ማለት ባሕር የሌላት አገራችን የደሴቶች አገር ናት ማለት ነው። ሳይንቲስቶቹ «የሰማይ ደሴቶች» ይሏቸዋል።

ታዲያ አንድ ተክል ከየትኛው ደሴት መጥቶ የትኛው ላይ እንደሰፈረ እንዴት ይታወቃል? ያየ ምስክር የለም። መልክ ደግሞ ያታልላል፤ ሁለት የማይዛመዱ ሰዎች አንድ ዓይነት አፍንጫ ሊኖራቸው እንደሚችል ሁሉ ተክልም እንዲሁ ነው። ተመራማሪዎቹ የሚሠሩትን ነገር እኔ የገባኝ የብራና መጻሕፍትን ሳስብ ነው።

አንድ ቁም ጸሐፊ አንድን መጽሐፍ ሲገለብጥ አንድ ቃል ይሳሳታል እንበል። ያንን ቅጂ ወስዶ ሌላ ገዳም ውስጥ የሚገለብጠው ጸሐፊ የመጀመሪያውን ግድፈት አብሮ ይገለብጣል፣ የራሱንም አንድ ሁለት ይጨምርበታል። ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ አንድ ሊቅ ሃያ ቅጂ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ሲያነጻጽር፣ የቱ ከየቱ እንደተገለበጠ ከግድፈቱ ያውቃል። እነዚህ አምስቱ አንድ ዓይነት ስህተት ካላቸው እናታቸው አንድ ናት። ይኼኛው ብቻውን ብዙ የራሱ ስህተት ካለው ከተለየ ቆይቷል።

ዲ ኤን ኤም እንዲሁ ነው። አራት ፊደል ብቻ ያለው በጣም ረጅም መጽሐፍ ነው፤ ከወላጅ ወደ ልጅ በተገለበጠ ቁጥር ጥቂት ግድፈት ይገባዋል። ተክሎች ደግሞ ለዚህ ሥራ የሚመች ነገር አላቸው። ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርገው ክሎሮፕላስት የራሱ ትንሽ ዲ ኤን ኤ አለው። ይህ ዲ ኤን ኤ አበባ ባላቸው አብዛኞቹ ተክሎች የሚወረሰው ከእናት ነው። የአበባ ዱቄት በንብና በወፍ ርቆ ሊሄድ ይችላል፤ የእናትን መጽሐፍ ግን ተሸክሞ የሚጓዘው ዘሩ ነው። ስለዚህ የክሎሮፕላስቱን ግድፈት የሚከታተል ሰው ዘሩ የሄደበትን መንገድ ይከታተላል። የግድፈቱን ብዛት ቆጥሮም ሁለት ዝርያዎች ከተለያዩ ስንት ጊዜ እንደሆነ መገመት ይቻላል። ግምት ነው፣ የእጅ ሰዓት አይደለም።

የመስክ ሥራው ከሚታሰበው በላይ ቀላል ነው። ከተክሉ ቁራጭ ቅጠል ወስዶ እርጥበት የሚመጥጥ እንክብል ያለበት ከረጢት ውስጥ መጨመር፣ የተወሰደበትን ቦታ መመዝገብ። አዲስ ጫማ ስንገዛ ካርቶኑ ውስጥ የምናገኛትን «አይበላም» የሚል የተጻፈባትን ትንሽ ከረጢት ታውቋታላችሁ አይደል? እሷው ናት። ከባዱ መውጣቱ ነው፤ ተራራ በተራራ፣ በብርድ።

የዚህ ሥራ ዝነኛ መማሪያ ሐዋይ ናት። ከአሜሪካ የባሕር ዳርቻ ከ3 ሺህ 500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፣ ውቅያኖስ መሀል ከእሳተ ገሞራ የተወለደች ናት፤ ከየትኛውም አህጉር ጋር ተያይዛ አታውቅም። እዚያ ያለ ተክል ሁሉ አባቱ ወይ በነፋስ፣ ወይ በወፍ፣ ወይ በውሃ የመጣ ነው። ከእነዚህ ተክሎች መካከል የጅብራ ዘመዶች አሉ። የሎቤሊያ ቤተሰብ ናቸው። 126 ያህል ዝርያ ሆነው ይቆጠራሉ፤ ዛፍ የሆነ አለ፣ ቁጥቋጦ አለ፣ ገደል ላይ የተንጠለጠለ አለ። አበባቸውም እንደ ወፎቹ ምንቃር የተጠማዘዘ ነው። መልካቸው ከመለያየቱ የተነሳ ከተለያየ አገር ብዙ ጊዜ ተመላልሰው የመጡ ይመስል ነበር።

ቶማስ ጊቭኒሽና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙት የዲ ኤን ኤ ጥናት ግን ሁሉንም ወደ አንድ እንግዳ መለሳቸው። አንድ ዘር፣ ወይም አንድ ጭብጥ ዘር፣ ከ13 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ደረሰ፤ 126ቱም ከዚያ ወጡ። እኔን ያስደነቀኝ ግን ቁጥሩ አይደለም። ዛሬ ሰው ከሚኖርባቸው ትልልቆቹ የሐዋይ ደሴቶች ውስጥ ከሽማግሌዎቹ አንዷ የሆነችው ካዋይ ዕድሜዋ 5 ሚሊዮን ዓመት አካባቢ ነው። ታዲያ ተክሉ ከደሴቱ በፊት እንዴት መጣ? መልሱ፣ ያኔ የነበሩት ደሴቶች ዛሬ በባሕር ተሸርሽረው አልቀዋል፣ ወይም ጥቂት ቋጥኝ ብቻ ቀርቷቸዋል። ሎቤሊያዎቹ አሮጌው ደሴት ሳይሰጥም ወደ አዲሱ፣ አዲሱ ሲያረጅ ወደሚቀጥለው እየተሻገሩ ነው እዚህ የደረሱት። ቤቱ ፈርሶ ቤተሰቡ የተረፈ ማለት ነው።

ወደ አፍሪካ እንመለስ። ኤሪክ ኖክስና ጄፍሪ ፓልመር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ ከኪሊማንጃሮ፣ ከኬንያ ተራራ፣ ከኤልጎንና ከሌሎችም የምሥራቅ አፍሪካ ተራሮች የግዙፎቹን ተክሎች ቅጠል ሰብስበው የክሎሮፕላስት ዲ ኤን ኤውን አነጻጸሩ። በ1995 ስለ ግዙፎቹ ሴኔሲዮዎች፣ በ1998 ስለ ግዙፎቹ ሎቤሊያዎች ጻፉ። ሴኔሲዮ እኛ ጋ የለም፤ የጅብራ ዓይነት ቁመና ያለው ነገር ግን ቤተሰቡ የሱፍ አበባና የኑግ የሆነ ተክል ነው። መልክ ያታልላል ያልኩት ለዚህ ነው። ቀን በፀሐይ የሚነድ፣ ማታ ውርጭ የሚጥልበት ቦታ ሁለት የማይዛመዱ ቤተሰቦችን አንድ ዓይነት ጋቢ አልብሷቸዋል። እነሱ እንደደረሱበት ከሆነ ሴኔሲዮዎቹ ወደዚህ አካባቢ ከመጡ ብዙ አልቆዩም። አንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ኪሊማንጃሮ ላይ ጀምረው ከተራራ ወደ ተራራ ተሻገሩ፣ በየተራራውም ከፍታ እየለዩ ሌላ ሌላ ዝርያ ሆኑ።

ስለ አራቢስ አልፒና ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። ነጭ አበባ ያላት፣ የጎመን ዘመድ የሆነች ትንሽ ተክል ናት። ስትረግጧት እንኳ ላታዩዋት ትችላላችሁ። ስዊዘርላንድ ተራራ ላይ አለች፣ ኖርዌይ አለች፣ ሰሜን ተራሮች ላይም አለች። ማርከስ ኮክና ባልደረቦቹ በ2006 እንዳሳዩት መነሻዋ የዛሬዋ ቱርክ አካባቢ ነው። ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ተራሮች የገባችው ደግሞ አንዴ ሳይሆን ሁለት ጊዜ፣ በተለያየ ዘመን ነው። ሁለቱ የዘር ሐረጎች የተገናኙት የት ይመስላችኋል? ኢትዮጵያ ውስጥ። በመቶ ሺዎች ዓመታት ልዩነት የመጡ ሁለት ስደተኞች አንድ አገር ላይ ተገናኝተው ጎረቤት ሆኑ። በዓይን ብናያቸው አንድ ናቸው፤ ልዩነቱን የያዘው መጽሐፉ ነው።

የአዛውንቱን ንግግር ያስታወሰኝ ግን ሌላ ጥናት ነው። የኢትዮጵያና የኖርዌይ ተመራማሪዎች በጋራ ሠርተው በ2007 ያሳተሙት ሲሆን፣ ስለ ጅብራው ታናሽ ከፍታ ዘመድ ስለ ሎቤሊያ ጊቤሮአ ነው። ይህኛው በደጋ ጫካ ዳርና በወንዝ ዳር የሚበቅለው ነው። ዲ ኤን ኤውን በኢንዛይም ቆራርጠው የቁርጥራጮቹን ርዝመት እንደ አሻራ አነጻጸሩ። ያገኙት ነገር ባጭሩ ይህ ነው፤ በአንድ ተራራ ላይ ያሉት ተክሎች እርስ በርሳቸው በጣም ይመሳሰላሉ፣ ከሌላ ተራራ ተክሎች ጋር ሲነጻጸሩ ግን ልዩነቱ ጎልቶ ይወጣል። ብዝኃነቱ ያለው በተራራው ውስጥ ሳይሆን በተራሮቹ መካከል ነው።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ እስኪ እናስበው። ብዝኃነቱ በአንድ ተራራ ውስጥ የታጨቀ ቢሆን ኖሮ አንዱን ተራራ አጥሮ መጠበቅ ይበቃ ነበር። የጓደኛዬ «ከሰሜን አምጥቶ መትከል» ያስኬድ ነበር። ነገር ግን መጽሐፉ በየተራራው አንድ አንድ ቅጽ ሆኖ ከተከፋፈለ፣ አንድ ተራራ ሲራቆት የጠፋው ከብዙ ቅጂ አንዱ አይደለም፤ ሌላ ቦታ የሌለ ቅጽ ነው። ሽማግሌው ላቦራቶሪ አልገቡም። «የሰሜኑ የሰሜን ነው» ሲሉ ግን ስለ ጅብራው ዘመድ በተጻፈው ጥናት አንጻር ከእኛ ከአራታችን ይልቅ እሳቸው ለእውነቱ ቀርበው ነበር።

ሐዋይ ላይ ይህ ነገር በተግባር ታይቷል። ማውና ኬአ በተባለው ከፍተኛ ተራራ ላይ የአገሩ ሰው አሂናሂና የሚለው፣ ቅጠሉ እንደ ብር የሚያበራ ተክል አለ። ዘረመሉ ሲመረመር ዘመዱ ካሊፎርኒያ ውስጥ ያለ ተራ የሜዳ አበባ ሆኖ ተገኝቷል፤ ብሩስ ባልድዊንና ባልደረቦቹ ይህንን በ1991 አሳይተዋል። እንደ ጅብራ ለዓመታት ቆይቶ አንዴ ብቻ ያብብና ይሞታል። በራሱ የአበባ ዱቄት በአብዛኛው ዘር አይዝም፤ ጎረቤት ያስፈልገዋል። አውሮፓውያን ያመጧቸው በጎችና ፍየሎች ተራራውን ሲያጥለቀልቁት፣ በአንድ ወቅት በብዛት የነበረው ይህ ተክል ጥቂት ደርዘን ብቻ ሆኖ ቀረ። የቀሩትም አፍ የማይደርስበት ገደል ላይ ያሉት ናቸው።

ሰዎች ደነገጡ፤ ማትረፍ ጀመሩ። ከ1973 ጀምሮ ዘር ለቅመው፣ ችግኝ አፍልተው በመቶዎች የሚቆጠሩትን መልሰው ተከሉ። ለጋዜጣ ፎቶ የሚሆን ሥራ ነው፤ ተራራው እንደገና በብር አሸበረቀ። በኋላ መዝገቡ ሲገለጥ ግን የተተከሉት በሙሉ የሁለት እናቶች ልጆችና የልጅ ልጆች ሆነው ተገኙ። ሁለት! የዘረመል ምርመራውም የብዝኃነቱን መጥበብ አሳየ። ቁጥሩ ተመለሰ፣ መጽሐፉ ግን ከብዙ ገጾቹ ተራቁቶ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ነው ባለሙያዎቹ ገደል ላይ የተረፉትን የዱር ተክሎች እየፈለጉ፣ የአበባ ዱቄታቸውን በእጃቸው ወስደው ማዳቀል የጀመሩት። የሁለት እናቶችን ስህተት በብሩሽ ሲያርሙ ዓመታት ወስዶባቸዋል።

የእኛው ጅብራስ? እ.ኤ.አ. በ2016 ደሳለኝ ጫላና ባልደረቦቹ ከኢትዮጵያ በቀር ሌላ አገር ስለማይገኘው ስለ ትልቁ ጅብራ አንድ ጥናት አሳትመዋል። የአየር ሙቀት መጨመርን የሚተነብዩ ሞዴሎችን ከዘረመል መረጃ ጋር አገናኝተው ነው የሠሩት። እንደ ትንበያቸው በ2080 ለጅብራ ምቹ ሆኖ የሚቀረው መሬት በአማካይ 3.4 በመቶ ብቻ ነው፤ ያም በአራት ተራሮች ጫፍ ላይ ተበታትኖ። ከዘረመል ብዝኃነቱ 82 በመቶው ይጠፋል። ትንበያ ነው፣ ሊሳሳት ይችላል። የሞከሯቸው ሞዴሎች ሁሉ ግን ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የጠቆሙት።

ምክንያቱ ለማንም ገበሬ ግልጽ ነው። ሙቀት ሲጨምር ቆላው ወደ ወይና ደጋ፣ ደጋው ወደ ውርጭ ይወጣል። ድሮ ገብስ የማያበቅል ከፍታ ላይ ዛሬ ገብስ ይዘራል፤ ማረሻም ይከተላል፣ በግም ይከተላል። ሁሉም ወደ ላይ ይሸሻል። ጅብራ ግን ከላይ ነው ያለው። ከጫፍ በላይ ወዴት ይሸሻል? የሐዋይ ሎቤሊያ አሮጌ ደሴት ሲሰጥም አዲስ ደሴት እየተወለደለት ተሻገረ፤ ያውም ሚሊዮን ዓመታት ነበሩት። ለጮቄ ጅብራ አዲስ ተራራ የሚወልድለት የለም፣ የተሰጠውም ጊዜ የአንድ ሰው ዕድሜ ነው።

በዚህ ላይ ያንን ማገዶ የተሸከመ ልጅ መውቀስ ቀላል ነው። እኔ አልወቅሰውም። በዚያ ብርድ ሌላ ምን ያንድድ? ከተማ ያለነው በኤሌክትሪክ ምድጃ እየሞቅን «ጅብራውን አትንኩ» ማለት አያምርብንም። የመንዝ ጓሳን ሰዎች ሳስብ ግን ተስፋ አለኝ። እነሱ ሣሩ የሚታጨድበትንና የሚታገድበትን ጊዜ በራሳቸው ባህላዊ ሥርዓት እየወሰኑ ያንን የውርጭ ምድር ለዘመናት አቆይተውታል፤ እስከ ዛሬም ጅብራ አለው።

ባለፈው ክረምት ለችግኝ ተከላ ከመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ ጋር ወደ አንድ ችግኝ ጣቢያ ሄድኩ። የኮሶ ችግኝ በረድፍ ተደርድሯል፣ በሺህ የሚቆጠር፣ ሲያዩት ደስ ይላል። ስለ ሁለቱ እናቶች ካነበብኩ ወዲህ አንድ ልማድ ተጠናውቶኛል፤ እናቱን እጠይቃለሁ። ሠራተኛውን ጠጋ ብዬ «ወንድሜ፣ የዚህ ኮሶ ዘር ከየት ነው የመጣው?» አልኩት።

«ከዚያች» አለና በሩ አጠገብ የቆመችውን ትልቅ ሴት ኮሶ አሳየኝ።

«ሁሉም?»

«ሁሉም። ዘሯ ብዙ ነው፣ ለመልቀምም ቅርብ ናት።»

ሌላ ኮሶ በአካባቢው ይኖር እንደሆነ ጠየቅኩት። አሰብ አደረገና ከወንዙ ማዶ ሦስት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ደግሞ አምስት ስድስት የሚሆኑ ሴቶች እንዳሉ ነገረኝ። «እነሱን ማን ሄዶ ይለቅማል ብለህ ነው፣ ረጃጅም ናቸው። መሰላልም የለንም» አለ። መሰላል ስንት እንደሚያወጣ ስጠይቀው መጀመሪያ የምቀልድ መስሎት ሳቀ።